ሰባተኛው የደረት ጨርቅ

ከሪባኑ ምንም አልተረፈም። ለስድስት የደረት ጨርቅ አሥራ ሁለት ማሰሪያ ይበቃል፤ እኔ ግን አንዱ ቢበላሽስ፣ አንዱ ቢጠፋስ እያልኩ አሥራ አራት ቆርጬ ስለነበር ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ መገኘት ነበረባቸው። ጠዋት የስፌት መኪናውን አንስቼ ክርና ብጣሽ ስጠርግ ነው ያጣኋቸው። ከወንበሩ ስር አጎንብሼ አየሁ፤ የቆሻሻ ቅርጫቱን ጋዜጣ ላይ ገለበጥኩት። ሪባን የለም። ጨርቁን በአንገት ልክ ስቀድ የወደቁት ቀያይ ብጣሾች ግን ጋዜጣው ላይ ፈሰሱ፤ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጡ ናቸው። አንድ በአንድ ደረደርኳቸው፤ ሰባት ሆኑ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ሰባት። ስድስት የደረት ጨርቅ ነው ብዬ ያጠፍኩትን ከረጢት ውስጥ ከትቼ እትዬ ቺዙኤ በር እጀታ ላይ ከሰቀልኩት አንድ ሰዓት አልፎ ነበር።

በእኛ ሰፈር ዕቃ ከቤት ወደ ቤት የሚተላለፈው እንዲህ ነው። የሰፈሩ ማኅበር ማስታወቂያ፣ የመሰብሰቢያ ቤቱ ቁልፍ፣ ቁራ ቆሻሻ እንዳይበትን የምናለብሰው መረብ፣ ሁሉም በር እጀታ ላይ ይሰቀላል። ደወል አንጫንም፤ ሰው ማስቸገር ነው። አንድ ሰው ጠዋት በሩን ከፍቶ እጀታው ላይ የተንጠለጠለ ነገር ካገኘ ተራው ደርሶታል ማለት ነው፤ ሌላ ቃል አያስፈልግም። አሥራ ሁለት ቤት ነን። የእኛ በርና የእትዬ ቺዙኤ በር ጎን ለጎን ሲሆኑ በመካከላቸው ሰባት እርምጃ ነው ያለው። የረገጥኩትን ሁሉ የመቁጠር አመል ስላለብኝ አውቃለሁ።

የደረት ጨርቁ የሚታሰረው የሰፈራችን መንገድ ከአውራ ጎዳናው ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ለቆሙት ስድስት የድንጋይ ጂዞዎች ነው። ጂዞ የሕፃናት ጠባቂ ነው፤ ራሱን ተላጭቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሆነ ነገር ሰምቶ ለመሳቅ የሚያመነታ መስሎ ይቆማል። እነዚህ ስድስቱ ቁመታቸው ከጉልበቴ አያልፍም። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ሰኔ ውስጥ፣ አንድ አርብ ጠዋት፣ ሾፌሩ ያንቀላፋበት የጭነት መኪና ተሰልፈው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዱ የነበሩ ስድስት ልጆችን እዚያ ማዕዘን ላይ ገደለ። በዓመቱ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጂዞ ቆመ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ በጂዞ በዓል፣ የደረት ጨርቃቸው በአዲስ ይቀየራል፤ ስፌቱም በተራ ስለሆነ ከአሥራ ሁለቱ ቤቶች መጨረሻ የደረሰው ለእኛ ነው። የዚያ ሰልፍ ልጆች ግን ሰባት ነበሩ። ሰባተኛው የእኔ ቴፔይ ነው። ያን ቀን ቤት ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዬ ናጎያ ከተማ፣ ልጄ ጋ መደወል ነበር። ቴፔይ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ዕቃ የሚያነሳ ማሽን ይነዳል። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። በሕይወት ላለ ልጅ የሙት ጨርቅ ሰፍቼ ማደሬን ሳስበው ማሽኑ ተገልብጦበት፣ መደርደሪያው ወድቆበት፣ ሰዎች ከበውት ታየኝ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መልእክት መጣ፤ «ሥራ ላይ ነኝ። ምነው?» ይላል። «ምንም፤ ሙቀት ስለሆነ ውሃ ጠጣ» ብዬ መለስኩ። «እሺ» አለ። ከዚያ ወዲያ አልጻፈም። ለበዓሉ መጥቶ አያውቅም፤ እኔም ና ብዬው አላውቅም።

ከረጢቱን ለማምጣት ወጣሁ። እጀታው ባዶ ነው። እትዬ ቺዙኤ አስገብተውታል። ጣቴን ወደ ደወሉ አነሳሁ፤ ምን ልበል? ቁጥር ተሳስቼ ነው? ለስድስት ሐውልት ሰባት የሚሰፋ ማን ነው? ያ የልጆች ሰልፍ በነበረበት ዘመን እኔ ሁሉን ነገር በሰባት ነበር የማደርገው፤ ከረሜላ ሰባት፣ ለዝናብ ቀን መለዋወጫ ካልሲ ሰባት፣ ብርቱካን ሰባት። እጄ ያንን አልረሳም፤ ያለኔ ፈቃድ ቆጥሮ ሰፋ። ይህን ለሌላ ሰው እናገር ይሆናል፤ ለእትዬ ቺዙኤ ግን አልችልም። ስድስተኛዋ የእሳቸው ማዩ ናት።

የማልችልበት ሌላም ምክንያት አለ። የዚያን ጊዜ ልጆቹ መንገድ ሲያቋርጡ ከእናቶች አንዷ በተራ ማዕዘኑ ላይ ቢጫ ባንዲራ ይዛ ትቆም ነበር። አንድ ቤት ከሰኞ እስከ አርብ ይቆምና አርብ ከሰዓት በኋላ ባንዲራውንና የቆመችው እናት በየቀኑ ማኅተሟን የምታኖርበትን የተራ ሰሌዳ የሚቀጥለው ቤት እጀታ ላይ ይሰቅላል። ያ ሳምንት የእኔ ነበር፤ ቀጣዩ የእትዬ ቺዙኤ። አርብ ጠዋት የቴፔይን ሙቀት ለካሁት፤ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሁለት። ትኩሳት የሚባል ነገር አይደለም። እኔ ግን ልቤ ፈራ፤ እኔ ልቤ ያልፈራበት ቀን የለም፤ ከቤት አይወጣም አልኩ። ብቻውን ትቼው ባንዲራ ልይዝም አልፈለግኩም። ባሌ ኩኒሂኮ ጫማውን እያሰረ፣ «ስቀይው በቃ፤ አንድ ቀን ቢቀድም ማን ይቆጥራል?» አለኝ። ደወል ብጫን እትዬ ቺዙኤ «ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሁለት ደግሞ ምንድን ነው?» ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። በነጠላ ጫማ ሰባት እርምጃ ተራምጄ ሰቅዬው ተመለስኩ። ልጆቹ ሲያቋርጡ ማዕዘኑ ላይ ማንም አልነበረም።

ባንዲራ የጭነት መኪና ያቆማል ወይ? ፍርድ ቤቱ ሾፌሩን አሰረው፤ ስለ ባንዲራ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ነገር ግን በቀብሩ ዋዜማ፣ ልጅ የሞተባቸው ሌሎቹ አምስቱ ቤተሰቦች በተቀመጡበት፣ እትዬ ቺዙኤ ከራሳቸው ልጅ ሳጥን አጠገብ ተነስተው መጥተው ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ደፉ። «ባንዲራው በሬ ላይ ነበር፤ ሳምንቱ ተምታቶብኝ ሳልወጣ ቀረሁ፤ ይቅር በሉኝ» አሉ። እኔ ከበሩ አጠገብ ተንበርክኬ ነበር። ሁሉም ጎንበስ ሲል እኔም ጎንበስ አልኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ጎንበስ ካልኩበት አልተነሳሁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ሁሉም ማዕዘኑ ላይ ተሰበሰበ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ የወረቀት ፋኖሶች ተሰቅለዋል፤ በረዶ የሚፈጨው ማሽን ያጓራል፤ እንጆሪ ሽሮፕ ያለው አንድ ኩባያ መቶ የን ነው፤ ለልጆች በነፃ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ኦጊኖ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የማሽኑን እጀታ እያዞሩ «ይሄ ከኔ በሠላሳ ዓመት ያንሳል፤ ሲያስለው ግን እሱ ይብሳል» ይላሉ። ሃሩዬ ሐብሐብ ታቅፋ መጣች። ሃሩዬ ከአምስቱ እናቶች አንዷ ናት፤ ልጇ ሪኩ ከቴፔይ ጋር አንድ ክፍል ነበር። በየዓመቱ ሐብሐብ ለእኔ ታመጣለች፤ ለአዲስ ዓመት ለቴፔይ ፖስታ ውስጥ ገንዘብ ታስቀምጥ ነበር፤ «እሱን ሳየው የሪኩ ቁመት የት ይደርስ እንደነበር አውቃለሁ» ትለኛለች። እትዬ ቺዙኤን ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አላናገረቻቸውም። ክፉ ቃል እንኳን ብትናገር በተሻለ ነበር። ሻይ ስትቀዳ የእሳቸው ኩባያ ጋ ስትደርስ ማንቆርቆሪያውን ታስቀምጣለች፤ ሌላ ሰው አንስቶ ይቀዳል። ሰፈሩ ለምዶታል። አሁን ማንቆርቆሪያውን የሚያነሳው ሰው ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ፤ ይህም ደግነት ይመስላል።

እትዬ ቺዙኤ ሽበታቸውን በጥቁር መሀረብ አስረው፣ የእኔን ከረጢት በክንዳቸው አንጠልጥለው መጡ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ጂዞዎቹ በባልዲ ውሃ ታጠቡ፤ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የበላው አሮጌ ጨርቅ ተፈታ፤ ነገ ቤተ መቅደስ ወስደን እናቃጥለዋለን። ከዚያ እትዬ ቺዙኤ እጃቸውን ከረጢቱ ውስጥ ከተቱ። ጨርቁን ለየቤተሰቡ ያድላሉ፤ እያንዳንዱ ለልጁ ጂዞ ራሱ ያስራል። አንድ አወጡ፤ ሁለት፤ ሦስት። እኔ ከማሽኑ አጠገብ ቆሜ በረዶው ኩባያዬ ውስጥ ሲቀልጥ እቆጥራለሁ። አራተኛውን ሃሩዬ ፊቷን ወደ መንገድ አዙራ በጣቷ ጫፍ ተቀበለቻቸው። አምስት። ስድስተኛውን ራሳቸው ይዘው ማዩ ፊት ተንበረከኩ። ከረጢቱን በአራት አጥፈው ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ጨመሩት። ኪሱ አብጦ ነበር።

«ሳዋኮ፣ ስፌትሽ እንዴት ቀጥ ብሏል» አለች ሃሩዬ ወደ እኔ እየመጣች፣ «አንቺ ራስሽ እንዲህ ቀጥ ብለሽ ብትሄጂ ምን አለበት? ሁልጊዜ ጣሪያ የሚወድቅብሽ ትመስያለሽ።»

«ተያት» አሉ ጋሽ ኦጊኖ ከማሽኑ ኋላ፣ «ልጇን ያተረፈላት እኮ ፍርሃቷ ነው።»

ሃሩዬ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እትዬ ቺዙኤ የማዩን ማሰሪያ ሲያስተካክሉ ጀርባቸው አልተንቀሳቀሰም።

መነኩሴው መጥቶ ጸሎት ተጀመረ። ሁላችንም ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤ ትልልቅ ሰውም ልጆችም። ለክቡ ሁሉ የሚዳረሰውን ረጅሙን የጸሎት መቁጠሪያ ሁሉም በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጎረቤቱ እየገፋ ያዞረዋል፤ ቡጢ የሚያህለው ትልቁ እንክብል አንድ ሰው ጋ ሲደርስ ያ ሰው ግንባሩን አስነክቶ ያሳልፈዋል። ትንንሾቹ ልጆች ይሽቀዳደማሉ፤ «ወደ እኔ፣ ወደ እኔ» ይላሉ። ከማዶ ሃሩዬና ሌሎቹ አራት ቤተሰቦች ተቀምጠዋል፤ አምስቱንም በአንድ ጊዜ ማየት የሚቻለው በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ዛሬና ነገ። እንክብሉ ለሦስተኛ ጊዜ እኔ ጋ ሲደርስ ግንባሬን አስነክቼ መልቀቅ አቃተኝ። አሁን ብናገርስ አልኩ። አፌ ተከፈተ። የመቁጠሪያው ገመድ ተወጥሮ ቆመ፤ ልጆቹ ጎተቱ፤ የመነኩሴው ድምፅ እንኳ ትንሽ የዘገየ መሰለኝ። ሃሩዬ ፊት ላይ ያለው ለእኔ የሚሆን የደግነት ፈገግታ ነበር። ያንን ፈገግታ ላጣው አልፈለግኩም። ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልነበረኝም። አፌን ዘግቼ እንክብሉን ገፋሁት፤ የተቀበሉኝ በግራዬ የነበሩት እትዬ ቺዙኤ ናቸው።

በዓሉ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አበቃ። ኩባያዎቹን የማጠብ ተራ የሁለታችን ሆነ። የመሰብሰቢያ ቤቱ ወጥ ቤት ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከቆመ ክንድ ለክንድ ይነካካል። እሳቸው ያጥባሉ፤ እኔ አደርቃለሁ። ሃያ ኩባያ ያህል አለፈ። ውጭ ጋሽ ኦጊኖ መሰላል ላይ ሆነው ፋኖስ ሲያወርዱ ሰው ሁሉ እንዳይወድቁ ይቆጣቸዋል።

«እትዬ ቺዙኤ፣ ከረጢቱ ውስጥ ሰባት ነበሩ» አልኩ።

«ቆጥሬያለሁ።»

«ያን ቀን ባንዲራውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። አርብ ነበር። ተራው የእኔ ነበር።»

ኩባያውን አዙረው ሥሩን አጠቡ። «ሌላ ማን ይሰቅለዋል? ከእኔ በፊት ያለው ቤት ያንቺ ነው።»

«ያውቁ ነበር?»

«ሰሌዳው አብሮ ተሰቅሎ ነበር እኮ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማኅተምሽን አድርገሻል። የአርብ ሳጥን ባዶ ነው።»

የያዝኩትን ኩባያ አስቀመጥኩ፤ ይሰበራል ብዬ ፈርቼ ነው። «ታዲያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን?»

ውሃውን ዘጉት። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ኪሱ አሁንም አብጧል። «አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቆሻሻ ላወጣ ስወጣ አየሁት። ማዩ ገና አልተነሳችም ነበር። ዛሬ አርብ ነው፣ ቀኑ የእሷ ነው፣ ልጇ አስነጥሶት ይሆናል፣ እኔ የማንም ገረድ አይደለሁም አልኩ። ደወልሽ ጋ ሄጄ እጄን አንስቼ ነበር። ከዚያ ራሷ መጥታ ታንሳው ብዬ ተውኩት። የማዩን ፀጉር አበጠርኩ፤ ያው ባንዲራው በተንጠለጠለበት በር አስወጣኋት። እጀታውን ስትስበው እንጨቱ ጠረቅ ጠረቅ እያለ ነበር። ስለዚህ ያኔ የለመንኩት ይቅርታ ውሸት አልነበረም። ያንቺን ደብቄ የራሴን ነው የለመንኩት።»

«ለእኔ ብለው...»

«ላንቺ ብዬ አይደለም፤ አይምሰልሽ። ያንቺን ባወጣ የእኔም አብሮ ይወጣ ነበር። ሳምንቱ ተምታታብኝ ማለት፣ አይቼ በንዴት ተውኩት ከማለት ይቀላል።»

«ሃሩዬ ግን እርስዎን ብቻ...»

«ሃሩዬ ግማሹን በትክክል አድርሳልኛለች። ግማሹን ሐብሐብ አድርጋ ላንቺ ታመጣለች፤ ምን ታድርግ፣ አታውቅ።» ውሃውን መልሰው ከፈቱት። «ቅድም አፍሽን ስትከፍቺ አይቼሻለሁ። በይ፣ አድርቂ፤ ባልሽ እራት ይጠብቃል።»

ሰባተኛውን ምን እንዳደረጉት አልጠየቅኩም። እሳቸውም አላነሱትም። ስንወጣ ማዕዘኑ ላይ ስድስቱ ጂዞዎች አዲስ ቀይ ለብሰው ቆመዋል፤ መኪኖች በአጠገባቸው ያልፋሉ። የቀኝ ዳርኛው ጂዞ ጎን አንድ ሐውልት የሚያቆም ባዶ ቦታ አለ። ድሮም የነበረ ቦታ ነው፤ የውሃ ቧንቧ ክዳን ያለበት። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እለካዋለሁ።

እራት ቀዝቃዛ ኑድል ነበር። ኩኒሂኮ ቤዝቦል እያየ በላ። እኔና እሱ ስለዚያ ጠዋት ተነጋግረን አናውቅም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ስለ ጋዝ፣ ስለ ጥርስ ሐኪም፣ ስለ ቴፔይ ኪራይ ስናወራ ኖረናል። ሰኔ ሲገባ እሱ ቶሎ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ በሌላ መንገድ፣ ማዕዘኑን ዞሮ። «እንዴት ነበር?» አለኝ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። «ሞቃት» አልኩት። «የሃሩዬ ሐብሐብ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው።» አልቆረጥነውም።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ጋዙን ዘጋሁ፤ ሦስቴ ነካሁት፤ መስኮቶቹን አየሁ፤ ከዚያ ሳልቆልፍ በፊት በሩን አንድ ጊዜ ከፍቼ ወደ ውጭ ተመለከትኩ። ይህም ልማዴ ነው፤ ምን እጠብቅ እንደነበር ለራሴም ነግሬው አላውቅም። በሩ ከበደኝ። እጀታው ላይ ከረጢቴ ተሰቅሏል።

መተላለፊያው ላይ ቆሜ ከፈትኩት። ላይኛው ሰባተኛው የደረት ጨርቅ ነው፤ እንደ ሕፃን ልብስ በሥርዓት ታጥፏል። ከሥሩ ቢጫ የሆነ ፕላስቲክ የለበሰ ሰሌዳ አለ። አሥራ ሁለት ዓመት የት አስቀምጠውት ኖሯል፤ አቧራ እንኳን የለውም። የቤቶቹ ስም ከላይ ወደ ታች፣ ቀኖቹ ከግራ ወደ ቀኝ። በእኛ ስም ትይዩ አራት ቀይ ማኅተሞች፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። አምስተኛው ሳጥን ነጭ ነው። የእትዬ ቺዙኤ ረድፍ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው፤ ሳምንታቸው አልደረሰም ነበር። ይህን ሰሌዳ ማንም ቢያየው፣ ሕፃን ልጅ እንኳን ቢያየው፣ ይገባዋል። በሰባት እርምጃ ርቀት ያለው በር ተዘግቷል፤ መብራቱ ጠፍቷል።

«ማን ነበር?» አለ ኩኒሂኮ ከውስጥ።

«ማንም የለም። ተራ ደርሶን ነው።»

ሊያይ መጣ። ሰሌዳውን ከእጄ አልወሰደም፤ ከትከሻዬ በላይ አየው፤ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ቆመ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎች ይጮሃሉ። ተመልሶ ሄዶ አጠፋው።

«ነገ ቤተ መቅደሱ በስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«በሦስት።»

«አምስቱም ቤት ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ።»

ጓዳ ገብቶ የነገ ጥቁር ልብሱን ሲፈልግ ማንጠልጠያው ሲንኳኳ ሰማሁ። አብሮኝ ሊመጣ ነው ወይስ ለመሥሪያ ቤት ነው፣ አላወቅኩም። የሃሩዬን ፊት አሰብኩ፤ ፈገግታው እንዴት እንደሚጠፋ፤ ማንቆርቆሪያው የእኔ ኩባያ ጋ ሲደርስ እንዴት እንደሚቀመጥ፤ ቴፔይ ከሰው አፍ ሰምቶ ስልክ የማያነሳበትን ወር። ያሰብኩት ሁሉ ይሆናል። ሰሌዳውንና ጨርቁን ወደ ከረጢቱ መለስኩና ነገ ወደ ቤተ መቅደሱ ስሄድ ሳልነካው እንዳልወጣ ከውስጥ በኩል በራችን እጀታ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ቁልፉን አዞርኩ።